የመመሪያው ድረ ገጽ ቴም፦ ከየት እንጀምር?

ጠባሴ ሰፈር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15

እንዴት አመሻችሁ። የማኅበራት ሂሳብ ፕሮግራማችንን መመሪያ የምትጠቀሙ ሁሉ፣ ይህ ክር ለእናንተ ነው።

ለአዲሶች ባጭሩ፦ ፕሮግራሙ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራትን ገቢና ወጪ፣ የአባላት ዕጣና የመጋዘን ዕቃ ይመዘግባል። መመሪያውን በማርክዳውን፣ ማለትም ቀላል ምልክት በታከለበት ተራ ጽሑፍ እንጽፈዋለን፤ ኤምኬዶክስ የሚባል ፕሮግራም ወደ ድረ ገጽ ይቀይረዋል። ቴሙን፣ ማለትም የገጹን መልክና አቀማመጥ የሚወስኑትን ፋይሎች ግን እኛ አልሠራናቸውም። በነፃ የተለቀቀ ነው። ሲያዩት ያምራል። ነገር ግን በላቲን ፊደል ልክ የተሰፋ ልብስ ነው፤ አማርኛውን አልብሰነው ክንዱ አጥሯል።

እስካሁን የደረሱኝ ቅሬታዎች፦ ፍለጋው በአማርኛ ምንም አያመጣም። ጽሑፉ ፀሐይ ላይ አይታይም። ስልክ ላይ ሜኑውን መክፈት ትግል ነው። ስክሪን ሪደር (ማያውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) የሚጠቀሙ ሰዎች ገጹ ውስጥ ገብተው መውጫው ይጠፋቸዋል። በቴሌግራም የምንላላከው የክፍል ሊንክም ዛሬ አንድ ቦታ፣ ነገ ሌላ ቦታ ይወስዳል።

ቴሙን አውጥተን እንጣለው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። አዲስ ብናመጣ እሱም ለላቲን የተሠራ ነው የሚሆነው፤ ያው ጣጣ በሌላ ቀለም። ኤምኬዶክስ ከቴሙ ውስጥ የፈለግነውን ፋይል ብቻ በራሳችን ፋይል እንድንተካ ይፈቅዳል። ሌላው እንዳለ ይቀመጣል።

በሉ እንግዲህ የቸገራችሁን ጻፉ። "አይመችም" ብላችሁ ብቻ አትለፉ። የቱ ገጽ ላይ፣ በምን ስልክ፣ ምን ልታደርጉ ስትሉ እንደሆነ ንገሩኝ።

ቀወት ልጅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ሸዋ ሮቢት ነኝ። የመጋዘን ሠራተኞችን አሠለጥናለሁ።

ማሾ ሲገባ ርክክቡ ውጭ ነው፣ ሚዛኑ ጋ። የኛን አገር ፀሐይ ታውቁታላችሁ። ሠራተኛው ስልኩን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ይጋርደዋል። ትልልቁ ጽሑፍ ይታያል። ከሥር ያሉት ማስታወሻዎች ግን በግራጫ ነው የተጻፉት። የሉም ማለት ይቀላል። "ከመመዝገብህ በፊት የከረጢቱን ክብደት ቀንስ" የሚለው ዋናው ማስጠንቀቂያ ደግሞ እዚያ ግራጫው ውስጥ ነው ያለው!

ሌላ፣ "ቀጣይ" እና "ተመለስ" የሚሉት ቀስቶች በጣም ትንንሽ ናቸው፤ ተጠጋግተዋልም። በአቧራማ ጣት አንዱን ስትነካ ሌላው ይከፈታል።

ጣርማበር 404 | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:52

ዳርክ ሞድ አድርጉትና ገላግሉን። ሙዱም ደስ ይላል።

ነጠላ ሰረዝ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:30

ጣርማበር፣ አንተ ጉም ውስጥ ስለሆንክ ነው። ፀሐይ ላይ ጥቁር ስክሪን መስታወት ይሆናል፤ የምታየው የራስህን ፊት ነው። ዳርክ ሞድ ይኑር፣ ግን የስልኩን ምርጫ ተከትሎ ይምጣ። ስልኩን በጨለማ ያደረገ በጨለማ ያገኘዋል፣ ያላደረገ በነጩ።

አሁን ወደ ግራጫው። ቴሙ ለማስታወሻ የሚጠቀመው ቀለም በኮድ ሲጻፍ 999999 ነው። በነጭ ላይ ንፅፅሩ 2.85 ለ 1 ይመጣል። በዓለም አቀፉ የድር ተደራሽነት መመሪያ፣ ማለትም በደብሊውሲኤጂ፣ ለመደበኛ ጽሑፍ ዝቅተኛው 4.5 ለ 1 ነው። ለትልቅ ጽሑፍ 3 ለ 1 ይበቃል። 767676 ብናደርገው 4.54 ይሆናል፤ ለጥቂት ያልፋል። እኔ ግን 595959 ላይ ብንወርድ እመርጣለሁ፤ 7 ለ 1 ነው። ሚዛን ጋ ለቆመ ሰው "ለጥቂት አለፈ" አይሠራም። ቀስቶቹን በተመለከተ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው የዚሁ መመሪያ 2.2 እትም የሚነካ ነገር በጥቅሉ ቢያንስ 24 በ24 ፒክስል ይሁን ይላል። ለአቧራማ ጣት 44 ብናደርገው ማን ይከሰናል?

ከዚህ በኋላ የምጽፈው ስለ ፎንት ነው። ታገሡኝ፣ ሱሴ ነው።

ቴሙ አንድ የላቲን ፎንት ከውጭ ያወርዳል። ፎንቱ ውስጥ የኛ ፊደል የለም። ስለዚህ ሰው ለማያነበው ፎንት ዳታ ይከፍላል፤ አማርኛው ደግሞ መሣሪያው ላይ በተገኘው ይታያል። የአንድሮይድ ስልኮች ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ አብሯቸው ይመጣል፤ እነሱ ደህና ናቸው። ቆየት ባሉ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ላይ ግን የሚመጣው ናይላ ነው። ናይላ ደማቅ ቅርፅ የለውም። ብራውዘሩ "ደማቅ አድርግ" ሲባል ፊደሉን ራሱ ላይ ደርቦ ያወፍረዋል። ያኔ "ጨ" እና "ጠ" ይምታታሉ፤ "ሙ" እግሯ ይጠፋል። ርዕሶቻችን በሙሉ ደማቅ ናቸው።

ያጋደለው ጽሑፍ ደግሞ አለ። ፊደላችን አጋድሎ የመጻፍ ልማድ የለውም። ቴሙ ማስታወሻ ባየ ቁጥር ያጋድለዋል። ፊደሉ የሰከረ ይመስላል። ይቅር፤ በምትኩ ከግራ በኩል ወፍራም መስመር እናስምርበት።

ስለዚህ፦ የውጭውን ፎንት እናውጣ። መሣሪያው ላይ ያሉትን የግዕዝ ፎንቶች በቅደም ተከተል እንጥራ። የርዕሶቹን የፊደል መጠጋጋት ወደ ዜሮ እንመልስ፤ ቴሙ ለላቲን ብሎ አጣብቋቸዋል። የመስመር ከፍታ 1.7 ይሁን። ፊደላችን ከላይ እስከ ታች ቦታውን ይሞላል፤ መተንፈሻ ይፈልጋል።

ሞላሌ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:05

የኔ ችግር ለየት ይላል። የቢሯችን ኮምፒውተር ማውሱ ከሞተ ቆይቷል። በጀት እስኪለቀቅ በታብ ነው የምሄደው።

ታብ ስጫን የት እንዳለሁ አላውቅም። ቴሙ በሊንኩ ዙሪያ የሚመጣውን መስመር አጥፍቶታል። ቆንጆ እንዲመስል ይሆናላ! ታብ፣ ታብ፣ ታብ፣ ኢንተር... ከዚያ የት እንደገባሁ አያለሁ። እንደ ሎተሪ።

መስመሩን በራሴ ብራውዘር ላይ መልሼ አየሁት። ያኔ ሌላ ነገር ወጣ። ከላይ ተጣብቆ የሚቀመጠው ሰማያዊ ራስጌ የደረስኩበትን ሊንክ ይሸፍነዋል፤ በተለይ ወደ ኋላ ስመለስ። ደግሞ በስህተት "ኤን" የምትለዋን ፊደል ከነካሁ ገጹ ወደ ሚቀጥለው ይዘላል። አቋራጭ ነው መሰለኝ። ማን ጠየቀው?

ጠባሴ ሰፈር | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:20

የነጠላ ፊደል አቋራጮቹን አጠፋቸዋለሁ። ራስጌው እንዳይሸፍን ማድረግ ቀላል ነው፤ ለማሸብለያው የራስጌውን ቁመት ያህል ክፍተት መስጠት ነው። መስመሩም ይመለሳል፤ ወፈር ብሎ፣ በሁለት ቀለም፣ በነጭም በሰማያዊም ላይ እንዲታይ።

ድምፅ ተከታይ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:10

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን የምማር፣ ማየት የተሳነኝ ነኝ። ኮምፒውተር ላይ ኤንቪዲኤ፣ ስልክ ላይ ቶክባክ የሚባሉ ስክሪን ሪደሮች እጠቀማለሁ። የእናቴን ማኅበር መዝገብ የምሠራው እኔ ነኝ፤ መመሪያው የሚያስፈልገኝ ለዚያ ነው።

መጀመሪያ ቋንቋው። ገጹ በኮዱ ውስጥ ራሱን "እንግሊዝኛ ነኝ" ብሎ ያስተዋውቃል። ኤንቪዲኤ የሚያምነው እሱን ነው። አማርኛውን ለእንግሊዝኛው ድምፅ ይሰጠዋል፤ ያ ድምፅ ደግሞ ፊደላችንን ማንበብ አይችልም። ከኤንቪዲኤ ጋር ኢስፒክ የሚባል አንባቢ አብሮ ይመጣል፤ አማርኛ ያነባል። የቆርቆሮ ድምፅ ነው፣ አዎ፣ ግን ለምደነዋል። ገጹ ቋንቋውን በትክክል ቢናገር ድምፁ በራሱ ይቀየር ነበር። አሁን በእጄ ነው የምቀይረው። ከዚያ ረስቼ እንግሊዝኛ ኢሜይል ስከፍት እሱንም በአማርኛ ቅላጼ ያነብልኛል።

ከዚያ ማውጫው። አዲስ ገጽ በከፈትኩ ቁጥር ከ"መግቢያ" እስከ "ተደጋጋሚ ጥያቄዎች" ያለው የጎን ሜኑ በሙሉ ይነበብልኛል። ጽሑፉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ገጹ አናት ላይ ወደ ዋናው ጽሑፍ የሚያዘልል አንድ ሊንክ ቢኖር ይገላግለኛል። ለሚያዩ ሰዎች ተደብቆ ታብ ሲጫኑ ብቻ ብቅ ሊል ይችላል፤ ለሞላሌም ይጠቅመዋል።

ርዕሶቹ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኔ ገጽ የማነበው እናንተ በዓይን እንደምትቃኙት ነው፣ ግን በርዕስ። ኤንቪዲኤ ላይ "ኤች" ስጫን ከርዕስ ወደ ርዕስ ይወስደኛል። ቁጥር 2 ስጫን ወደ ሁለተኛ ደረጃዎቹ ብቻ። በእናንተ ገጽ ላይ የድረ ገጹ ስም አንደኛ ደረጃ ነው፣ የገጹ ርዕስም አንደኛ ደረጃ ነው፣ ከዚያ ድንገት አራተኛ ይመጣል። 2 ስጫን "የለም" ይለኛል። ገጹ ባዶ ይመስለኝና እወጣለሁ። የጻፈው ሰው አራተኛን የመረጠው ፊደሉ አነስ ብሎ ስላማረው ነው ብዬ እገምታለሁ። ማነሱን ሲኤስኤስ (የገጹ መልክ የሚጻፍበት ኮድ) ላይ አድርጉት፤ ደረጃውን አትንኩ።

ስልክ ላይ ሜኑ መክፈቻው ቁልፍ መሆኑን ቶክባክ አያውቅም። ዝም ብሎ ያልፈዋል። በኮዱ ውስጥ ተራ ሳጥን አድርጋችሁት ነው የሚሆነው። የፍለጋዋ ምልክት ደግሞ "ቁልፍ" ብቻ ትባላለች። የምን ቁልፍ?

በመጨረሻ ይዘቱ፤ ይህ እንኳ የቴሙ ጥፋት አይደለም። "አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫን" የሚል መመሪያ እኔን ከበር ላይ ይመልሰኛል። ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ሰውንም እንደዚሁ። ቁልፉ ላይ "መዝግብ" ተብሎ ተጽፎ የለ? ያንን በሉኝ። ፎቶዎቹም መግለጫ የላቸውም፤ የሚነበብልኝ የፋይሉ ስም ነው።

ጠባሴ ሰፈር | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:25

እህቴ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ሁሉንም እይዛለሁ። ዛሬውኑ አንድ ብቻ ብትመርጪ?

ድምፅ ተከታይ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:27

ቋንቋው። አንዲት መስመር ናት።

ጠባሴ ሰፈር | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:41

ተቀየረች። ቴሙ ቋንቋ ካልተነገረው እንግሊዝኛ ብሎ ይሞላል። በማዋቀሪያ ፋይሉ አማርኛ አልኩት። አሁን ሞክሪው።

ድምፅ ተከታይ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:50

አነበበ! ማኅበር፣ ዕጣ፣ መጋዘን... ተመስገን።

ጣርማበር 404 | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9:00

አንድ ሐሳብ። ዳር ላይ የሰው ምልክት ያለባት ክብ ቁልፍ የምታመጣ ስክሪፕት አለች። አንድ መስመር ነው የምትለጥፈው። ስትጫናት ፊደል ታሳድጋለች፣ ቀለም ትቀይራለች፣ ታነባለች። ይህን ሁሉ ልፋት ለምን?

ድምፅ ተከታይ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9:15

ኧረ በእናትህ! እኔ አንባቢ አለኝ፤ ፍጥነቱን፣ ድምፁን በልኬ አስተካክዬዋለሁ። ያቺ ቁልፍ ሌላ አንባቢ ይዛ ትመጣና ሁለቱ እኩል ይናገራሉ። ስም የሌለውን ቁልፍ ስም አትሰጠውም፤ ምን እንደሚሠራ አታውቅማ። የተዘበራረቀ ርዕስም አታስተካክልም። እንዲህ ያለ ገጽ ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማደርገው እሷን ማጥፊያውን መፈለግ ነው።

ነጠላ ሰረዝ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9:22

ፊደል ማሳደግም በብራውዘሩ አለ። ከኛ የሚጠበቀው ሰው 200 በመቶ ሲያሳድገው ገጹ እንዳይበጣጠስ ማድረግ ነው። አሁን ሲያድግ የጎን ሜኑው ጽሑፉ ላይ ይተኛል።

ጋሽ መዝገብ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:30

ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ። ዓለም ከተማ ነኝ። በሂሳብ ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ኮምፒውተሩን ዘግይቼ ነው የተማርኩት።

ሁለት ነገር አለኝ። አንደኛው ፍለጋው ነው። "ደረሰኝ" ብዬ እጽፋለሁ። "ምንም አልተገኘም" ይለኛል። መመሪያው እኮ ግማሹ ስለ ደረሰኝ ነው። ልጄ በላቲን ፊደል "ኤክሴል" ብላ ስትፈልግ አመጣላት። እኔ በአማርኛ ስፈልግ ለምን ይነፍገኛል?

ሁለተኛው ማተም ነው። በየቀበሌው ላሉ ማኅበራት መመሪያውን አትሜ ነው የምሰጠው፤ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ብዙ ነው። ሲታተም የጎኑ ዝርዝር ወረቀቱን ሲሶ ይይዘዋል፣ ሠንጠረዡ በቀኝ በኩል ይቆረጣል። ከግርጌ "የታደሰው" የሚለው ቀን ደግሞ በፈረንጅ ነው። የኛ በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። የቱ መመሪያ ከመዝጊያው በፊት፣ የቱ ከዚያ በኋላ እንደወጣ ለማወቅ ቁጭ ብዬ ማስላት አለብኝ?

ጠባሴ ሰፈር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:00

ጋሼ፣ ስለጻፉልን እናመሰግናለን። ቀኑ ይስተካከላል፤ ብራውዘሮች የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃሉ፣ መጠየቅ ብቻ ነው። ለኅትመትም የተለየ ሲኤስኤስ እጽፋለሁ፤ ሜኑ፣ ራስጌና ቁልፎች ወረቀት ላይ አይወጡም።

የፍለጋውን ነገር ቆፍሬ አገኘሁት። ከኤምኬዶክስ ጋር የሚመጣው ፍለጋ ሉነር የሚባል ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ ይጠቀማል። ሉነር እያንዳንዱን ቃል ከመመዝገቡ በፊት ጫፍና ጫፉን ያጸዳል፤ ኮማ፣ ቅንፍ፣ ነጥብ እንዲነሣ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ነገር ግን የቃል አካል ብሎ የሚቀበለው የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና የግርጌ ሰረዝን ብቻ ነው። በሱ ዓይን "ደረሰኝ" አራት ኮማ ነው። ያጸዳዋል። ባዶ ይቀራል። ባዶውን ይጥለዋል። የፍለጋው የቃላት ማውጫ ውስጥ አንድም የአማርኛ ቃል የለም ማለት ነው! የልጅዎ "ኤክሴል" ግን በላቲን ስለተጻፈ አለ።

መፍትሔው ማጽጃውን የኛን ሥርዓተ ነጥብ ብቻ በሚያነሣ መተካት ነው፦ አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝ፣ ሁለት ነጥብ። ዛሬ ማታ እሞክረዋለሁ።

አንኮበር በር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:10

ማጽጃውን መተካት ግማሽ መንገድ ነው። "ሂሳብ" ብዬ ስፈልግ "ሒሳብ" ተብሎ የተጻፈውን አላገኝም። "ማህበር" እና "ማኅበር"፣ "እጣ" እና "ዕጣ"፣ "አመት" እና "ዓመት" እንደዚያው። መመሪያውን የጻፍነው ብዙ ሰዎች ነን፣ እያንዳንዱ በልማዱ። ስለዚህ ሲመዘገብም ሲፈለግም ሐና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ እንመልስ። ገጹ ላይ የሚታየው ጽሑፍ አይነካም፤ የአጻጻፍ ጠብ አላነሣሁም፣ እግዜር ይጠብቀኝ።

ቀጥሎ ቅጥያው ነው። በእንግሊዝኛ የቃሉን መጀመሪያ ከጻፍክ ብዙ ጊዜ ቀሪውን ያገኘዋል። በኛ ግን "ደረሰኝ" እና "ደረሰኙ" መጨረሻቸው ይለያያል፤ ኝ እና ኙ ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። እዚህ ላይ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ራሱ ይረዳናል። እያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ ስምንት ተከታታይ ቦታ ተሰጥቶታል፣ ሳድሱም ስድስተኛው ላይ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ የቃሉን የመጨረሻ ፊደል ወደ ሳድስ መመለስ ሠንጠረዥ አይፈልግም፤ ቀላል ስሌት ነው። "ደረሰኙ" "ደረሰኝ" ይሆናል። ብዙ ቁጥር ከሆነ፣ ማለትም በ"ች" አልቆ ከፊቱ ሳብዕ ካለ፣ "ች"ን አንሥቶ ሳብዑን ወደ ሳድስ። "ደረሰኞቹ"፣ "ደረሰኞች"፣ ሁሉም ወደ "ደረሰኝ" ይመጣሉ።

ከፊት ደግሞ የ፣ በ፣ ለ፣ ከ ይቆረጡ።

ሞላሌ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:30

ቆይ ቆይ። እኛ መንዝ ነን። የምንመዘግበው በግ ነው። "በ"ን ከቆረጥክብን ምን ቀረን? "ግ"?

አንኮበር በር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:45

ሃሃ! በጉ አይታረድም። ከአራት ፊደል በታች የሆነ ቃል አይቆረጥም። ስለዚህ በግ፣ በሬ፣ ከብት፣ ለውዝ ሁሉም ደህና ናቸው። ከዚያ በላይ ከሆነ ሁለቱም ይመዘገባሉ፣ የተቆረጠውም ያልተቆረጠውም። "በርበሬ" "ርበሬ" ሆኖ ቢመዘገብም "በርበሬ" አብሮ አለ። የሚጎዳው የለም።

መጨረሻ ላይ የሚመጣውን "ን" ግን ፈርቼዋለሁ። "መጋዘን"ን በዚያ መንገድ ብትወስደው "መጋዝ" ይሆናል። ደግነቱ በእኛ መመሪያ ውስጥ እንጨት የሚሰነጥቅ የለም።

ጠባሴ ሰፈር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:00

"ን"ም በሁለቱም መልኩ ይመዝገብ። ማውጫው ያብጣል፣ ስለዚህ ገጹ ሲከፈት አይወርድም፤ ሰው የፍለጋ ሳጥኑን ሲነካ ብቻ ይወርዳል። "አችን"፣ "አቸው" የሚሉትን ለጊዜው እንተዋቸው። አንኮበር፣ ኮዱን ላክልኝ፤ ከማጽጃው ጋር አንድ ላይ አስገባዋለሁ።

ቀወት ልጅ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:15

ሊንኮቹን የረሳችኋቸው መሰለኝ። በቴሌግራም ግሩፓችን "የከረጢት ክብደት አቀናነስ" ብዬ የለጠፍኩት ሊንክ አሁን "የተበላሸ እህል አመዘጋገብ" ላይ ያወርዳል። ሰዎች ጤናማውን ማሾ በብልሽት ሊመዘግቡልኝ ነው።

ጠባሴ ሰፈር | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:40

እሱም የዚያው ዘመድ ነው። ለእያንዳንዱ ርዕስ የሊንክ መለያ የሚሰጠው ኤምኬዶክስ ከውስጡ የሚጠቀምበት ፓይተን ማርክዳውን ነው፤ በነባሪ ሁኔታው ከላቲን ውጭ ያለውን ፊደል ያወጣል። ከአማርኛ ርዕስ ምንም ስለማይተርፈው ቁጥር ብቻ ይሰጣል፦ 1፣ 2፣ 3። ከላይ አዲስ ርዕስ ስንጨምር ሁሉም አንድ አንድ ይገፋሉ። አንተ የለጠፍከው "አራተኛው ርዕስ" ነበር፤ አሁን አራተኛው ሌላ ነው።

ሁለት አማራጭ አለን። አማርኛውን መለያ እንዲያደርገው ማዘዝ ይቻላል፣ ቅንብር አለው። ወይም ለእያንዳንዱ ርዕስ በእጃችን አጭር የላቲን መለያ እንጽፋለን።

ነጠላ ሰረዝ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:00

በአማርኛ ቢሆን ልቤ ደስ ይለው ነበር። ግን ሊንኩ ሲቀዳ እያንዳንዱ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ሆኖ ይወጣል። "ደረሰኝ" ብቻውን 36 ምልክት ነው። ሙሉ ርዕስ ሲሆን የቴሌግራሙን መልእክት ይውጠዋል። ደግሞ ርዕሱን አርመን "ሂሳብ"ን "ሒሳብ" ብናደርገው የድሮው ሊንክ ይሞታል። በእጅ ይጻፍ። ያደክማል፣ ግን አንዴ ነው።

ቀወት ልጅ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:05

በእጅ። የመጋዘኑን ክፍል እኔ እጽፋለሁ።

ሞላሌ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:12

የዕጣና የትርፍ ክፍፍሉን ለኔ ተዉት።

ጠባሴ ሰፈር | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:00

መሞከሪያው ተለቋል፤ አድራሻውን በግሩፑ ለጥፌዋለሁ። የገባው፦ ቋንቋው፣ ማዝለያው ሊንክ፣ የርዕስ ደረጃዎቹ፣ የታብ መስመሩ፣ ለሜኑና ለፍለጋ እውነተኛ ቁልፍ ከነስሙ፣ ቀለሞቹ፣ ፎንቱ፣ ፍለጋው፣ ቀኑ፣ የኅትመቱ ሲኤስኤስ። ዳርክ ሞድም አለ፣ ጣርማበር፣ እንዳታኮርፍ።

ያልገባው የፎቶዎቹ መግለጫ ነው። ይህን ኮድ አይሠራውም፤ እያንዳንዱን አይቶ የሚጽፍ ሰው ይፈልጋል። ስትጽፉ "የስክሪን ፎቶ" ብላችሁ አትለፉ፤ ሰውዬው እዚያ ፎቶ ላይ ምን ማየት እንዳለበት ጻፉ። ከጽሑፉ ጋር ያው ነገር ከሆነ ባዶ ተዉት፤ ስክሪን ሪደሩ ያልፈዋል።

ድምፅ ተከታይ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 3:20

ማዝለያው ይሠራል። ርዕሶቹ ተስተካክለዋል፤ 2 ስጫን ሙሉ ገጹን ቃኘሁት። ቶክባክ ሜኑውን "ተዘግቷል" "ተከፍቷል" ይለኛል፣ ይህን አልጠየቅኩም ነበር፣ በጣም ጥሩ ነው።

አንድ የቀረ፦ የትርፍ ክፍፍሉ ሠንጠረዥ የዓምድ ርዕስ የለውም። ቁጥሮቹ ብቻ ናቸው የሚነበቡልኝ፤ የቱ የአባሉ ዕጣ፣ የቱ የተሳትፎ ድርሻ እንደሆነ አልለየሁም።

ሞላሌ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 3:31

እሱ በኔ ክፍል ነው። የመጀመሪያው ረድፍ በተራ ደማቅ ጽሑፍ ነው የተጻፈው፤ ወደ እውነተኛ ርዕስ ረድፍ እቀይረዋለሁ። ነገ እንዳትፈትሺ፣ ገበያ ነኝ። እሑድ።

ጋሽ መዝገብ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3:40

"ደረሰኝ" ብዬ ጻፍኩ፣ መጣ። "በደረሰኞቹ" ብዬ ፈተንኩት፣ መጣ። "እጣ" በአልፉም "ዕጣ" በዐይኑም አንድ ነው። ቀኑም ገብቶኛል። ተባረኩ።

አትሜም አየሁት። ዝርዝሩ ጠፍቷል፣ ወረቀቱ ሰፋ ብሏል። አንዱ ሠንጠረዥ ግን አሁንም የመጨረሻው ዓምድ ይቆረጣል፤ በኤ4 ላይ ነው ያተምኩት።

ጠባሴ ሰፈር | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3:55

ጋሼ፣ የትኛው ገጽ ላይ ነው ያለው?

ጋሽ መዝገብ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4:02

የመጋዘን ቆጠራው። "ልዩነት" የሚለው ዓምድ ነው የሚጠፋው፤ የሚፈለገውም እሱ ነው።

ጠባሴ ሰፈር | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4:30

ሰባት ዓምድ ነው፣ ቁመቱን ለያዘ ወረቀት ብዙ ነው። ያንን ገጽ ብቻ በአግድም እንዲታተም አደረግኩት። ገጹን አንዴ ያድሱትና እንደገና ያትሙት፤ አሁንም ከተቆረጠ የወረቀቱን ፎቶ ይላኩልኝ።